በማንኪያ ጀርባ ላይ ያነበብሁት

ይህን ገጠመኝ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቻለሁ፤ ሁልጊዜም መጀመሪያው ላይ እቆማለሁ። መጀመሪያው ላይ እኔ ደስተኛ ነኝ፤ ያን ደስታዬን ማስታወስ ደግሞ አልወድም።

ከይፋግ ወጥቼ ደብረ ታቦር በመምህርነት ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ታሪክና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ጠመኔዎቼን እንኳ በቁመታቸው አሰልፌ ነበር የማስቀምጣቸው። ማስረዳት ደግሞ ሱሴ ነው። ገበያ ወጥቼ ድንች ስገዛ ድንች ከየት አገር እንደመጣ ለሻጯ ካልነገርሁ አይሆንልኝም። አንዲት ከገሳይ ድንች ይዛ የመጣች ሴት፣ «መምህር፣ ድንቹን ትገዛዋለህ ወይስ ታስተምረዋለህ?» ብላኛለች።

በመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እንዳደራጅ ታዘዝሁ። ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት በካርቶን ታጭቀው አቧራ ጠጥተዋል። ከመካከላቸው መዳፍ የማትሞላ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ። የእንግሊዝ አገር የብር ማንኪያ፣ ሹካና ትሪ መቼ፣ የትና በማን እንደተሠራ ጀርባው ላይ ከታተሙት ምልክቶች እንዴት እንደሚታወቅ የምታስረዳ ናት። ለደብረ ታቦር ተማሪ ምን ትፈይዳለች? ምንም። እኔ ግን ሠንጠረዥ ስለምወድ ሦስት ጊዜ አነበብኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር አንጥረኛ የብር ማንኪያ ሲሠራ ብሩ ይመረመራል፤ ደህና ሆኖ ከተገኘ እጀታው ጀርባ ላይ አራት ማኅተሞች በተርታ ይመቱበታል። አንድ እግሩን አንሥቶ የሚራመድ አንበሳ ካለበት ብሩ ንጹሕ ነው። የነብር ራስ ካለበት ለንደን ተመርምሯል ማለት ነው። አንዲት ነጠላ ፊደል ዓመቱን ትናገራለች። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደሎች የሠሪው ስም መነሻዎች ናቸው። እያንዳንዱ ማኅተም ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። ይህን ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በመምህራን ክፍል ለአገኘሁት ሰው ሁሉ አስረድቻለሁ።

ወሬው ሩቅ ሄዶ ኖሮ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከንብረት አጣሪ ኮሚቴው መልእክተኛ መጣ። «የሟቹ ፊታውራሪ ንብረት ወደ ጎንደር ሊላክ ነው። የውጭ አገሩ ዕቃ ከአገር ውስጡ ይለይ ተብሏል። አንተ ማንኪያ ታነባለህ አሉ፤ ና።»

ከሳይንስ ቁም ሣጥን ማጉያ መነጽሩን፣ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፌን፣ ከቦርሳዬ አዲስ ደብተር ይዤ በደስታ እየተራመድሁ ሄድሁ።

የፊታውራሪው አዳራሽ ውስጥ በረጅም ጠረጴዛ ላይ አንድ ትሪ፣ አንድ ሻይ ማፍያ፣ ሹካዎችና አሥራ ሁለት ማንኪያዎች ተደርድረዋል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ አበራ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሁለት አባላትና አንድ ጸሐፊ አጠገቡ ተቀምጠዋል። በሩ ሥር አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ሰው ቆመዋል፤ ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሏል። አቶ ዘገየ ይባላሉ። የፊታውራሪውን ዕቃ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቀዋል፤ ከውርሱ በኋላም ምን የት እንዳለ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ኮሚቴው በዚያው ሥራቸው አቆይቷቸዋል።

ሥራዬን በሥርዓት ጀመርሁ። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት እየቆረጥሁ በማኅተሞቹ ላይ አድርጌ በአውራ ጣቴ ስጫነው ቅርጹ ይወጣል፤ ያንን ደብተሬ ላይ ለጥፌ የማንኪያውን ቁጥር እጽፋለሁ። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ልክ እንደ መጽሐፌ ሆኑልኝ። አንበሳው አለ፤ የነብሩ ራስ አለ፤ ፊደሏ ከሠንጠረዡ ጋር ገጠመች። ልቤ እንደ ፈተና ቀን ተማሪ ዘለለ።

ሰባተኛው ላይ ቆምሁ። አንበሳው ወደ ግራ መሄዱን ትቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ፊደሎቹ በመስታወት እንደታየ ጽሑፍ ተገልብጠዋል። የአንበሳው ትከሻ ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን መስመር ነበር፤ «ጭረት» ብዬ መዘገብሁት። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ስድስቱም እንዲሁ ናቸው።

«ጓዶች» ብዬ ብድግ አልሁ። መቀመጥ አልቻልሁም። ማኅተም ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚመታ፣ አንበሳው በየት በኩል መዞር እንዳለበት ሁሉን አስረዳሁ። «ስለዚህ እነዚህ ስድስቱ ሐሰተኛ ናቸው። አንድ ሰው እውነተኛውን አስመስሎ ሠርቷቸዋል።»

ጓድ አበራ ወደ በሩ ዞረ። «አቶ ዘገየ፣ ምን ይላሉ?»

«አሥራ ሁለት ተረክቤ አሥራ ሁለት አስረክቤያለሁ።»

«ስለ ቁጥሩ አልጠየቅንዎትም።»

«እኔ ቆጥሬ ነው የያዝሁት ጌታዬ። ጀርባውን አይቼ አላውቅም። ሰው የሚበላው በማንኪያ ሆድ ነው በማንኪያ ጀርባ?»

አንደኛው አባል ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። ወደ እኔ ተመልሶ፣ «መቼ ነው የተለወጡት?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። መጽሐፌ ስለዚህ ምንም አትልም፤ እኔም አላውቅም። ግን ማስረጃዬ ውስጥ ባዶ ቦታ ሊቀር ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ አልወድም። ማንኪያዎቹን አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ማኅተማቸው ተበልቷል፤ የኋለኞቹ ግን ስል ናቸው።

«ያልተበሉ ናቸው» አልሁ። «በቅርቡ የተሠሩ መሆን አለባቸው።»

«በቅርቡ ማለት? ከውርሱ በፊት ወይስ በኋላ?»

«በኋላ ቢሆን ነው።»

ጸሐፊው ጻፈ፤ እኔ ፈረምሁ። ጓድ አበራ የሕዝብ ንብረት ስለመመዝበርና ስለ አሻጥር ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሁለት ዘበኞች አስጠራ። አቶ ዘገየ አልጮኹም። ዘለላውን ከወገባቸው ፈትተው ለጸሐፊው አንድ በአንድ አስረከቡት። «ይህ የላይኛው ዕቃ ቤት ነው። ይህ የምድር ቤቱ። ይህቺ ትንሿ ትጠብቃለች፤ ወደ ግራ ገፋ አድርገህ ነው የምትከፍታት፤ እንዳትሰብራት።» ከዚያ በዘበኞቹ መካከል ወጡ።

«ዓርብ መኪናው ከዕቃው ጋር ጎንደር ያደርሳቸዋል» አለ ሊቀ መንበሩ። በዚያን ዘመን በአሻጥር ተጠርጥሮ ጎንደር የሄደ ሰው ቶሎ አይመለስም፤ ጨርሶ ያልተመለሰም አለ። ይህን አውቅ ነበር። ግን እኔ ያወቅሁት እውነት ስለሆነ ጥፋቱ የሌባው እንጂ የእኔ አይደለም ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሴት ትፈልግሃለች አለኝ። በሩ ላይ አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ቆመዋል።

«ማንኪያ የሚያነበው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«እትዬ አትበለኝ። አንጓች እባላለሁ፤ የዘገየ ሚስት ነኝ። ና ቤቴን ፈትሽ። እኔ ቤት ያለው የቀንድ ማንኪያ ነው። አንድ የብር ብታገኝ እኔንም ውሰዱኝ።»

«እኔ እኮ ሰረቁ አላልሁም፤ የማኅተሙ ነገር ነው። አዩ፣ አንበሳው...» ብዬ ጀመርሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም።

«ጨረስህ?»

«ጨርሻለሁ።»

«በዚህ አገር ብር የሚያቀልጥ ሰው ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

«ሁለት ነበሩ። አንዱ ሞተ። ሁለተኛውን ጠየቅኸው?»

«አልጠየቅሁም።»

«ባሕር ማዶ ያለውን ሰውዬ ጠይቀህ ከገበያው ማዶ ያለውን ሳትጠይቅ ባሌን አሳሰርኸው» አሉና ሄዱ።

ትምህርት እንዳበቃ ደብተሬንና ማጉያ መነጽሩን ይዤ ከገበያው ማዶ ወጣሁ። ሁለተኛው አንጥረኛ ሼህ ኑርዬ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደመና ለብሷል፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ልጃቸው ሻይ የሰጠቻቸው በግማሽ ብርጭቆ ነው። ደብተሬን ዘርግቼ ከየት እንደመጣሁ ነገርኋቸው። በብልጭልጩ ወረቀት ላይ የጣታቸውን ጫፍ ቀስ አድርገው አስኬዱ። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ሳይቆሙ አለፉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው መጣ።

«ይቺማ የእኔ አንበሳ ናት!»

«አንቱ ነዎት የሠሩት?»

«ታዲያ ማን? ፊታውራሪው ስድስት አምጥተው፣ ‹ስድስት ጨምርልኝ፤ ከእነዚህ እንዳይለይ› አሉኝ። ጠገራ ብር አቅልጬ ሠራሁ። እንዳይለይ ከተባለ ጀርባውም እንዳይለይ ነው። አብነት ተሰጥቶህ ነጥብ ካጎደልህ ሌባ ነህ፤ የእኛ ሙያ ደንቡ ይህ ነው።»

«ማኅተም መሆኑን አላወቁም?»

«ጌጥ መስሎኝ! ጌጡን ከኋላ የሚደብቅ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው ብዬ ገርሞኝ ነበር። እኔ መስቀልና አልቦ ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ማኅተም ቀርጬ አላውቅም። እንዳየሁት ብረት ላይ ቀረጽሁ፤ ስመታው ዞሮ ወጣ። እንደገና ልቅረጽ ብል የልጃቸው ሠርግ ደርሶ ጊዜ አልሰጡኝም።»

«ትከሻው ላይ ያለችው ጭረትስ?»

«ጭረት!» አሉ ተቆጥተው። «መስቀል ናት እንጂ! አየህ፣ አንበሳው አንድ እግሩን ባዶውን አንሥቷል። አንበሳ እግሩን የሚያነሣው መስቀል ሊይዝ አይደለም? ከመታጠብ ብዛት ጠፍታለች ብዬ መለስሁለት። እኔ እስላም ነኝ፤ የክርስቲያን ዕቃ መስቀሉን አጉድዬ ባስረክብ ምን ይሉኛል?»

ማጉያውን አነሣሁ። ቀጭን ዘንግ በትከሻው ላይ ያልፋል፤ ጫፉ ላይ ከአቧራ የማትበልጥ መስቀል አለች። ይህን አንበሳ ከልጅነቴ ጀምሮ በሳንቲም ላይ ሳየው ነው ያደግሁት። ማክሰኞ ግን ዓይኔ አይቶት እጄ «ጭረት» ብሎ ጻፈ፤ የመጽሐፌ አንበሳ መስቀል አልነበረውማ።

«መቼ ነው የሠሩት?»

«ይቺ ልጄ ሳትወለድ።» ሻይ ያቀረበችው ልጅ የሦስት ልጆች እናት ናት።

«ታዲያ ለምን አልተበሉም?»

«ጠገራ ብር ድብልቅ አለበት፤ ጠንካራ ነው። የእነሱ ብር ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይበላል። ይህንን መጽሐፍህ አልነገረህም?»

ነገ አብረውኝ ሄደው ለኮሚቴው ይህንኑ እንዲናገሩ ለመንኋቸው። ሳቃቸው ጠፋ። «ዘገየ ደግ ሰው ነው፤ ቁልፍ የያዘው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ይህን አያውቅም። ግን ልጄ፣ ያ አንበሳ ከነዘውዱ ከየቢሮው በር ላይ ሲነቀል አይተሃል። አሁን ሄጄ ያን አንበሳ የቀረጽሁ እኔ ነኝ፣ ማኅተም ያስመሰልሁ እኔ ነኝ ልበል?» ስማቸውን እንደማላነሣ ቃል ገብቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ብቻዬን ጓድ አበራ ቢሮ ገባሁ። ስድስቱ ማንኪያዎች ከብዙ ዓመት በፊት በአገር አንጥረኛ የተሠሩ መሆናቸውን ነገርሁት።

«አንጥረኛው ማነው?»

«ስሙን አልናገርም።»

«ስም የሌለው ምስክር።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማክሰኞ ዕለት እርግጠኛ ነበርህ።»

«አልነበርሁም። ‹በቅርቡ› ያልሁት ከራሴ ነው። አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ የፈረምኸው ምንድነው?»

ጓድ አበራ ነጭ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። «የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ ኮሚቴ ያሳሳተ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ከፈለግህ ጻፈው። መኪናው ላይ ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም።»

ወዲያው ጻፍሁ ብል ውሸት ነው። ይፋግ ያለችውን እናቴን አሰብሁ። ወረቀቱን ትቼ ብወጣ እንደማይከለክለኝ ዓይኑ ይነግረኝ ነበር፤ ይህ ከዛቻው ይልቅ ከበደኝ። በመጨረሻ ሦስት መስመር ጻፍሁ፦ ማንኪያዎቹ መቼ እንደተሠሩ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አቶ ዘገየን የሚያስወነጅል ማስረጃ የለኝም። አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ነገ ሁለት ሰዓት ና። ልብስህን ይዘህ።»

ዓርብ በሁለት ሰዓት በጨርቅ የታሰረ ልብሴን ይዤ ደረስሁ። መኪናው ተጭኗል። አቶ ዘገየ ከላይ፣ የገበታው ዕቃ በታሸገበት ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። አዩኝ፤ ፊታቸውን አዞሩ።

ያን ጊዜ ሼህ ኑርዬ በወይዘሮ አንጓች ክንድ ተደግፈው ከታች ሲመጡ አየሁ። ወይዘሮ አንጓች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከኮሚቴው ቢሮ የወጣውን ወሬ ሰምተው ሼሁ ቤት ሄደው፣ «ልጁ በራሱ ላይ ጽፎ ሰጠ፤ የእርስዎን ስም ግን አላነሣም» ማለታቸውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ሼሁ ከብብታቸው የቆዳ ከረጢት አወጡ።

«ምንድነው ይህ?» አለ ጓድ አበራ።

«አንበሳውን የመታሁበት ብረት ነው። አንጥረኛ ብረት አይጥልም።»

ጠፍጣፋና ለስላሳ የእርሳስ ብረት ቁራጭ በመኪናው ደረጃ ላይ አስቀመጡ። ከከረጢቱ ያወጡትን መዶሻ ሊያነሡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ለእኔ ዘረጉልኝ። «አንተ ምታ፤ ብረቱን ቀጥ አድርገህ ያዝ።» መታሁ። ወደ ቀኝ የሚራመድ፣ መስቀል የተሸከመ አንበሳ ወጣ። ጓድ አበራ ሣጥኑን አስከፍቶ ሰባተኛውን ማንኪያ አስወጣ፤ ከኪሴ ያወጣሁለትን ማጉያ ይዞ እየቀያየረ አያቸው። የጭራው ጫፍ ሁለቱም ላይ እኩል ተቆርጧል።

«እሺ፣ ሠርተውታል» አለ። «ባለፈው ዓመት ለአቶ ዘገየ እንዳልሠሩላቸው በምን አውቃለሁ?»

ሼህ ኑርዬ ሁለት እጃቸውን አንሥተው ፊቱ ላይ ያዙለት። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። የቆመው ሰው ሁሉ እስኪያይ ድረስ አላወረዷቸውም።

«የእናትህ የአንገት መስቀል ቀለበቱ ተሰብሮ አምጥተህልኝ አልነበር?» አሉት። «ተማሪ ነበርህ። እጄ እንቢ አለኝ ብዬ የመለስሁብህ መቼ ነው?»

ጓድ አበራ የሼሁን እጆች ያይ ነበር። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «አቶ ዘገየ፣ ይውረዱ» አለ።

አቶ ዘገየ ሲወርዱ ሚስታቸው ደገፏቸው። ለእኔ፣ «አንተ ወደ ክፍልህ» ብቻ ተባልሁ። ከረጢቱ ግን ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ጎንደር ሄደ። ሼህ ኑርዬ ብረታቸው እንዲመለስላቸው ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ አልተመለሰም። የእኔም ሦስት መስመር ከዚያ ኪስ ወጥታ የት እንደደረሰች ዛሬም አላውቅም።

እሑድ አንድ ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ አቶ ዘገየ ቤት ገባሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ቶሎ፤ በጣም ቶሎ። ከዚያ፣ «ሌባ መባሌን የሰማው አገሩ ነው። ይቅርታህን የሰማነው ግን እዚህ ቤት ያለነው ነን» አሉኝ። «በሚቀጥለው እሑድ እድር አለ። እዚያ አስረድተህ እንዳሳሰርኸኝ እድሩ ላይም አስረዳ።»

አስረዳሁ። ምናልባት መቶ ሰው ይሆናል። መጽሐፏን፣ ማኅተሞቹን፣ የዞረውን አንበሳ አንድ በአንድ ተናገርሁ። የመስቀሏ ነገር ላይ ስደርስ ሳቅ ሆነ። «በቅርቡ» ያልሁትን ስናገር ግን አንድም የሳቀ የለም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ካላወቅህ ለምን አልህ?» አሉኝ።

«ዝም ማለት ስላቃተኝ» አልሁ።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ክፋት አልነበረብኝም፤ ያስፈራኝ ይህ ነው። አቶ ዘገየን አላውቃቸውም፤ አልጠላኋቸውም፤ ከመታሰራቸው የማገኘው ጥቅም አልነበረም። የነበረኝ ንጹሕ ደብተር፣ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽርና የሚያዳምጡኝ ሰዎች ናቸው። ከጠየቃችሁኝ፣ ያወቅሁት ሁሉ ትክክል ነበር፤ በትክክሉ ነገር ላይ የጨመርሁት አንድ ቃል ነው ሰውየውን መኪና ላይ ያስወጣው። ዛሬም አስተምራለሁ፤ ዛሬም ማስረዳት እወዳለሁ። ተማሪ ጠይቆኝ ካላወቅሁ ግን ጠመኔውን አስቀምጬ አላውቅም እላለሁ። ሁልጊዜ ቀላል አይሆንልኝም፤ አንዳንድ ጊዜም ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማስታውሰው።

ከእድሩ በኋላ አቶ ዘገየ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉኛል። ወይዘሮ አንጓች ግን እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ወደ ማዶው ይሻገራሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ አያስፈልገኝምም።